ደህና ነን ያልንበት መጋዘን

የያዙኝ ስለ ቅማል ሳስተምር ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ አንዳንዴ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ትልቅ የግራር ጥላ ሥር፣ ገበሬዎችን ሰብስቤ፣ በርሜል ጥጄ፣ ልብስ እንዴት እንደሚቀቀል እያሳየሁ ነበር። ውሃው ገና ሊፈላ ሲል ፒክአፕ መኪና መጥቶ ቆመ። የወረዱት ታጣቂዎች እሳቱን እንኳ እንዳጠፋ ጊዜ አልሰጡኝም።

ሥራዬ የበሽታ ቅኝት ነበር። በየትኛው ቀበሌ ሰው አተኮሰው፣ በየትኛው ቤት ሕፃን አስቀመጠው፣ ማን ሞተ፣ ከመታመሙ በፊትስ የት ሰንብቶ ነበር፤ ይህን ከየጤና ኬላው እየጠየቁ መከታተል፣ አንድ ነገር ከልኩ ሲያልፍ ሮጦ መድረስ ነው። ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ የሚባለው ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። በዚያ ሰሞን ከቅማል የሚመጣው ትኩሳት በአንዳንድ ቀበሌዎች ብቅ ብሎ ስለነበር ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየዞርኩ አስተምር ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ ይህንንም አውቃለሁ። ቅማል ላይ የሚደረግ ስብሰባ ስብሰባ ይባላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ሰው የሰበሰብከው በማን ፈቃድ ነው?» አለኝ ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለኝ መርማሪ።

«ስለ ቅማል ላስተምር ነው።»

«በማን ፈቃድ ነው ያልኩህ!»

«ቅማል ፈቃድ ጠይቆ አይራባም» አልኩት።

በጥፊ አጮለኝ። እናቴ ድሮም «ይህ አፍህ አንድ ቀን ያስበላሃል» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ማታውን በዚያው ጣቢያ አሳድረው፣ ሲነጋ ከእህል ጆንያ ጋር መኪና ላይ ጭነው ወሰዱኝ።

የወሰዱኝን ቦታ በስሙ አልጠራም፤ ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትሄዱ በመንገድ ዳር የቆመ የቆርቆሮ የእህል መጋዘን ነው። እስር ቤቱ ሞልቶ ሲተርፍ ትርፉን እዚያ አጎሩት። በሩ ሲከፈት ሽታው መታኝ፤ የከረመ የጤፍ ብናኝ፣ የሰው ላብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የሽንት ባልዲ። ብርሃን የሚገባው ጣሪያው ላይ ባሉ የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነበር። ሰው መሬቱ ላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ተኝቷል፤ እግሬን የማሳርፍበት ስፍራ ፈልጌ አጣሁ።

«ና ልጄ፣ በዚህ ግባ» አሉ አንድ ሽማግሌ። ተጠግተው ስፍራ ለቀቁልኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣሉት። የዚያ ቤት ሕግ ነበር፤ አዲስ የገባ ሰው ብርድ አይመታውም። ቀድሞ የገባው ከጋቢው ያካፍለዋል። የትም ብሄድ እንዲህ ያለ ሕግ ያለው እስር ቤት ያለ አይመስለኝም።

የጋቢውን ጥለት ወደ ብርሃኑ አዞር አድርጌ አየሁት። ቅማሉ ክሩን ተከትሎ ተደርድሯል፤ ቅጫሙ እንደ ሰሊጥ ነጭ ሆኖ ተለጥፎበታል። ስለ ቅማል ሳስተምር ተይዤ የቅማል መንደር አስገቡኝ! ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ግን እንደ አባት የዘረጉልኝን ጋቢ እንዴት ብዬ ልመልስ? ለበስኩት።

ሽማግሌው ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። የታሰሩት በልጃቸው ነው፤ ልጅህ ጫካ ገብቷል፣ እስክታመጣው አንተ ትቀመጣለህ ተብለው። በእሳቸው ግራ የሚተኛው የሞጣ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ሱቅ ይዘጋ በተባለበት ቀን ዘግተሃል ተብሎ የመጣ ሙስሊም። ጨዋታ አዋቂ ስለሆነና ምግብ ሲያከፋፍል ስለማያዳላ የቤቱ ካቦ፣ የእስረኛ አለቃ፣ አድርገውታል። እሱም የሚተኛው ከሽማግሌው ጋቢ ሥር ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጋቢ ስሸጥ ኖሬ፣ ወላሂ ለራሴ አንድ ሳላስቀር ገባሁ» ይል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቤቱን ሌላ ሕግ አየሁ። በሩ ተከፈተና የእስር ቤቱ አዛዥ ደፉ ላይ ቆመ። ዱላውን ጫማው ላይ መታ መታ አድርጎ «ሁሉ ደህና?» አለ።

«ደህና!» አለ ቤቱ ባንድ ድምፅ።

በሩ ተዘጋ። በቃ፤ ይህ ነው ቆጠራው።

«የታመመ ሰው የለም እንዴ?» አልኩት ነጋዴውን።

«አለ እንጂ! ለምን አይኖርም?» አለኝ። «አንዱ 'ራሴን ያመኛል' ቢል ውጭ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆመው። ከቤቱ የመጣለትን ስንቅም መለሱበት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቀን ቀን የሰዉ ሥራ ቅማል መልቀም ነበር። ከምስማር ቀዳዳ በምትወርደው ብርሃን ሥር ተቀምጦ ልብሱን ገልብጦ፣ በሁለት አውራ ጣት ጥፍሩ መሃል እያስገባ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። እኔ እዚህ ላይ አበድኩ። «በጥፍራችሁ አትጨፍልቁት! በሽታው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው፤ ሲፈርጥ በጭረት ይገባባችኋል!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። ሰው ያየኛል። ሽማግሌው ሳቅ ብለው «ታዲያ ምን እናድርገው? እንሸኘው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የሚቀቀልበት በርሜል የለ፣ የሚፈላ ውሃ የለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጥርሳቸው ይጋጫል፤ ጭኔን ተቆረጥኩ ይላሉ፤ ራሳቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረውታል። ከሰዓት በኋላ ነስር መጣባቸው። ዓይናቸውን ገልጬ ሳየው ቢጫ ጣል አድርጎበታል። ነገሩ ገባኝ፤ ግርሻ ነው። ስሙ ጠባዩን ይናገራል። ጥቂት ቀን ያነድና በአንድ ጊዜ ላብ አስወጥቶ ይለቃል። ሰው ዳነ ሲባል፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚያገኘው የደከመ ሰው ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ብርቅም አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው ያለ መርፌ ነው። በጊዜ ከደረሰ ሰው ከሞት ይመለሳል።

በሩን ደበደብኩ። ቢቆይም አዛዡ መጣ።

«አንድ ሰው በግርሻ ታሟል። መርፌ ያስፈልጋቸዋል። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ካልሆነም ሐኪም ጥሩ» አልኩት።

«አንተ ማን ነህ?»

«የጤና ባለሙያ ነኝ።»

«እዚህ እስረኛ ነህ» አለኝና በሩን ዘጋው።

እስከ ዛሬ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ቢሰድበኝ ይስደበኝ፤ ምን ያመጣል? አዛውንቱ ግን እግሩ ሥር ወድቀው እያየ ነው በሩን የዘጋው። ውሻ እንኳ ቢሆን ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

ነጋዴው በውሃ የነከረ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ እያደረገ ተቀመጠ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነው ሰነበቱና፣ አንድ ቀትር ላይ ላብ አጠመቃቸው። ትኩሳቱ ወረደ። ዓይናቸውን ገልጠው «ውሃ» አሉ። ከዚያ «እንጀራ አላችሁ?» አሉ። ቤቱ በደስታ ተናጠ። «እግዜር ማረዎ!» «ማርያም ማረችዎ!» ነጋዴው አለቀሰ። እኔ ብቻ በጣቴ ቀን እቆጥር ነበር።

«ምነው ሐኪም፣ መዳኔ ደስ አላለህም?» አሉኝ።

«አባባ፣ ይመለሳል» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ!» አሉና ሳቁብኝ።

ሳቃቸው ሳይበርድ ነው የጤና ሰዎች የመጡት። እንዴት እንደመጡ ኋላ አብራ ከመጣችው ነርስ ሰማሁ። ከመጋዘኑ የተፈታ አንድ ሰው ሞጣ ላይ ይታመማል፤ ሌላው ደጀን፣ ሾፌሮች የሚያድሩበት ቤት ውስጥ ይወድቃል። ነርሷ ሁለቱንም «ከመታመምህ በፊት የት ሰነበትክ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ አንድ ሆነ፤ የእህል መጋዘኑ። እንግዲህ ቅኝት ማለት ይህ ነው። በሽታን በዱካው ተከትሎ እስከ መጣበት ድረስ መሄድ ነው። ከአለቃዋ ጋር ሆና እስከ በራችን ድረስ ተከትላው መጣች። ዱካው በራችን ላይ ሲደርስ ጠፋ።

አለቅዬው የማውቀው ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ላይ ባንድ ዴስክ ተቀምጠናል፤ ባንድ ትሪ በልተናል። በሩ ሲከፈት ከአዛዡ ጎን ቆሞ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። አንድ እግሩን እንኳ አላስገባም። ነርሷ ከኋላው ቆማለች። አዛዡ «ታሞ የነበረው እሱ ነው» ብሎ ሽማግሌውን በዱላው አመለከተ።

«እንዴት ነዎት አባባ?» አለ አለቅዬው ከደጅ።

ሽማግሌው እግራቸው እየተብረከረከ ተነሥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እጅ ነሡ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?»

አለቅዬው ወደ አዛዡ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ! ምርመራው ይኸው ነው!

«ደህና አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩ ከጥጉ። «ትኩሳቱ ለጊዜው ነው የለቀቃቸው! ደማቸውን ውሰዱ! የጋቢያቸውን ጥለት ገልጣችሁ እዩ! ሰላምታ የምትጠይቋቸው ለምንድን ነው?»

አለቅዬው አየኝ። አወቀኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ በሩ ስጋፋ አንዱ ዘብ በሰደፍ ደረቴን መታኝ፤ እኔም ደፉ ላይ ወደቅሁ። ያኔ አለቅዬው ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «በናትህ አታስጨርሰኝ፤ ልጆች አሉኝ» አለኝ።

«እሳቸውም ልጅ አላቸው» አልኩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ። በሩ ተዘጋ። በመጨረሻ ያየሁት የነርሷን ዓይን ነው፤ የሽማግሌውን ጋቢ ጫፍ ትኩር ብላ ታይ ነበር።

በንዴት ሽማግሌው ላይ ዞርኩ። ደረቴ እየጠዘጠዘኝ ነው። «አባባ፣ ምን ነካዎት? ለምን ደህና ነኝ አሉ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ሰው ከደጅ ቆሞ እንዴት ነህ ሲልህ ምን ይባላል?»

«አመመኝ ይባላላ!»

«ለማያውቁት ሰው? በዚያ ላይ ያ ጉድ አጠገቡ ቆሞ?» በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ገመናን ለባዕድ አይነግሩም ልጄ። ዝም አይነቅዝም።»

«እዚህ ቤት የነቀዘው ዝምታው ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ለራሴ ነው የደበቅሁት፤ ማንን ጎዳሁ?»

ያን ጊዜ ነው ወደ ነጋዴው ያመለከትኩት። ከጠዋት ጀምሮ ጨዋታ አቁሟል። ጉልበቱን አቅፎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በቀትር ይንቀጠቀጣል። «ይኸው፣ ከጋቢዎ ሥር የሚያድረውን ሰው ይዩት» አልኩ። «የእርስዎ ቅማል ወደ እሱ ሄዷል። የእሱ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። እርስዎ ደህና ነኝ ባሉ ቁጥር ሌላው ይወድቃል።»

ሽማግሌው ነጋዴውን ብዙ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ግንባሩን ነኩት፤ ወዲያው መለሱት፣ የፈላ ድስት እንደነካ ሰው። ጋቢያቸውን ከላያቸው አወለቁና አጣጥፈው በሩቁ አስቀመጡት። ሲበርዳቸውም አልለበሱትም።

እንዳልኩትም ትኩሳቱ ተመለሰባቸው። አሁን ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። እህል አልወርድ አላቸው፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ እጃቸውን ስይዘው ቆዳውና አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ነጋዴውም ከጎናቸው ወድቋል። ሌሎችንም እዚህም እዚያም ትኩሳት ጀምሯቸዋል። በሩን ብደበድብ የሚሰማ የለም።

አንድ ጠዋት እንደልማዱ በሩ ተከፈተ። አዛዡ ዱላውን ጫማው ላይ መታ መታ አደረገ።

«ሁሉ ደህና?»

የሰዉ አፍ በልማድ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌው «ቆይ» አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነበር፤ ቢሆንም ቤቱ ሁሉ ሰማው። «አንሣኝ» አሉኝ። በብብታቸው ገብቼ አቆምኳቸው። እንደ እሳት ያቃጥላሉ። ያን ቀን ለአለቅዬው እንዳደረጉት ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ እጅ ግን አልነሡም።

«ጌታው፣ እኔ ደህና አይደለሁም» አሉ።

አዛዡ ዱላውን ጫማው ላይ መምታት አቆመ።

«ይህ ሰው ደግሞ» ብለው ወደ ነጋዴው አመለከቱ፤ «በእኔ ጋቢ ሥር ያደረ እንግዳዬ ነው። እሱም ደህና አይደለም። የራሴን ልተው እችላለሁ። የእንግዳዬን ግን አልተውም።»

ነጋዴው ከወደቀበት ሆኖ እጁን አነሣ። «እኔም ደህና አይደለሁም» አለ። ከወዲያ ጥግ ሌላ ድምፅ «እኔም ደህና አይደለሁም» አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም አልጮኸም። እንደ ምስክር አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት። ታሞ የማያውቀው እንኳ ደህና አይደለሁም አለ፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ ቤት ማን ደህና ነበር?

«ሁላችሁም ውጡ! ፀሐይ ላይ!» ብሎ አጓራ አዛዡ።

ወጣን። የሚራመደው የማይራመደውን ይዞ ወጣ። ከመጋዘኑ ደጅ ዋናው መንገድ ያልፋል፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። አዛዡ በንዴቱ ይህን ረሳው። አህያ የሚነዳው፣ እህል የተሸከመው፣ ከቢቸና በኩል የሚመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ጀመር። ፊታችን እንደ አስከሬን፣ ልብሳችን እላያችን ላይ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጆቼን!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ እየተጠጋ መጣ። ዘቦቹ «ሂዱ» ይሉታል፤ የሚሄድ የለም። «ምን ሆነው ነው?» ይላል። እኛም ለጠየቀ ሁሉ «ደህና አይደለንም» እያልን መለስን።

ወሬው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ነርሷ ብቻዋን መጣች። አለቃዋ አልነበረም። መርፌውን፣ ግሉኮሱን፣ ደም የምትወስድበትን መስታወት በካርቶን ይዛለች። አዛዡ «ማን ፈቀደልሽ?» ሲላት፣ «ይህ ሁሉ ሰው ያያል፤ ከልክለኝ» አለችው። ሰዉን አየ። ዞር አለላት።

እሷ እንዴት ነዎት አላለችም። እያንዳንዱ ፊት ቁጢጥ እያለች «የት ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ? አጠገብህ ማን ይተኛል?» ነበር የምትለው። እኔ የሰውን ልብስ እየገለጥኩ፣ የወደቀውን ከቆመው እየለየሁ አገዝኳት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሽማግሌው ነው።

የግርሻ መርፌ አንድ ክፉ ነገር አለበት። ተሕዋሲያኑ ደም ውስጥ ሲያልቁ ሰውነት ይናወጣል፤ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ደም ግፊት ይወርዳል። ጠንካራ ሰው ይችለዋል። በመጀመሪያው ትኩሳት ጊዜ ቢሆን እሳቸውም ይችሉት ነበር። ነርሷ ግሉኮሱን የአጥሩ እንጨት ላይ ሰቅላ፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። እኔም ሌላውን ያዝኩ። መንቀጥቀጡ ሲመጣ በሁለት በኩል ይዘናቸው ልንገታው አቃተን። መሃል ላይ አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው «እንግዳዬስ?» አሉ።

«መርፌውን ወስዷል፤ ይድናል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፀሐይ ዘንበል ሳትል እጃቸው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ቅማል ገደላቸው ብሎ መጻፍ ይቻላል። እኔ አልጽፍም። ከደጅ ቆሞ ሰላምታ ጠይቆ የሄደውን ሰው አውቀዋለሁ። «እዚህ እስረኛ ነህ» ብሎ በሩን የዘጋውንም አውቀዋለሁ። ሁለቱም ዛሬ በደህና ወጥተው ይገባሉ።

በማግስቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በርሜል መጣ። የገበያው ሰው ነው ያመጣው ይላሉ፤ እንጨቱንም እነሱ ናቸው ያመጡት። የሰዉን ልብስ ሁሉ አስወልቄ ቀቀልኩት። ከሞጣ አጠገብ በግራሩ ሥር ያቋረጡኝን ትምህርት እዚያ ግቢ ውስጥ ጨረስኩት፤ እስረኛውም ዘቡም ቆሞ ሰማኝ። የሽማግሌውን ጋቢ መጨረሻ ላይ ለብቻው ቀቀልኩት። ሬሳቸውን ለመውሰድ የመጡት ዘመዶቻቸው ጋቢው ሳይደርቅ ሄደዋል፤ እኔን እንዳናግራቸውም አልፈቀዱልኝም። የልብ ድካም ነው ተብሎ ተነገራቸው አሉ። ለምን እንዳሰሩኝ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደፈቱኝም ሳይነግሩኝ ስወጣ ጋቢውን ይዤው ወጣሁ።

ነጋዴው ዳነ። ዛሬም ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ሱቁ አስገብቶ ሻይ ያስመጣልኛል። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ቢቸና ተዛውሬ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስተምራለሁ። ሰው ቤት ስትገቡ ሰላምታችሁን ጨርሱ፤ ከዚያ እንደገና ጠይቁ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። መጋዘኑ ማዳበሪያ ይቀመጥበታል። ሳልፍ ወደዚያ አላይም።

የሽማግሌውን ቤት ያገኘሁት በቅርቡ፣ ለክትባት ዘመቻ ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ስወርድ ነው። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የጎጡን ስም ብቻ ስለነበር ብዙ ጊዜ አፈላልጌ አጥቼው ነበር። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸውና ጋቢውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁት። ጥለቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። የፈተሉት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነዎት እማማ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። ጥለቱን እንደያዙ «አጠገቡ ነበርኩ አልክ። ምን ይል ነበር?» አሉኝ።

«ደህና አይደለሁም አሉ» አልኳቸው። «ቆመው፣ ለአዛዡ፣ ሁሉም ፊት።»

ባቄላው ከእጃቸው ወደቀ። «እሱ?» አሉ። «እሱ ነው እንዲህ ያለ? ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር አንድ ቀን አመመኝ ብሎኝ አያውቅም እኮ!»

«ከጋቢያቸው ሥር ያደረ ሰው ታሞባቸው ነው» አልኳቸው።

ጋቢውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱት። አላለቀሱም። ሲቆዩ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔም ደህና አይደለሁም ልጄ» አሉ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።